ጭብጨባና ገበታ



በመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ስለ መገለል አጭር ድራማ እንዲቀርብ ተስማምተናል። ድራማው ስለ ሸክላ ሠሪ ሴቶች እንዲሆንም ብዙዎቻችን ደግፈናል። በቡናው ሰዓት ግን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይመለስ ቀርቷል፦ የሸክላ ሠሪዋን ቦታ ማን ይጫወት? «ከመካከላችን አንዷ ትልበስና ትጫወት» ያሉ ነበሩ። «እነሱ ራሳቸው ካልተጫወቱት ምን ዋጋ አለው?» ያሉም ነበሩ። እኔ ጥያቄው ቀላል አልመሰለኝም። በከተማችንና በአገራችን ታሪክ ውስጥ መልስ ስላለው ያነበብኩትንና ከሽማግሌዎች የሰማሁትን አሰባስቤ ለጋዜጣችን ጽፌያለሁ። እ.ኤ.አ. ያልኩበት ቦታ የፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ያልኩት የእኛው ነው።

ከተማችን እንዴት ተከፋፈለች

አፄ ፋሲል ጎንደርን የመንግሥት መቀመጫ ያደረጓት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ ከነገሡ በኋላ በ1668 እ.ኤ.አ. አንድ ጉባኤ ተደረገ። በዚያ ጉባኤ ላይ ፈረንጆች ከአገር እንዲወጡ፣ እስላሞችና በጊዜው «ካይላ» ወይም «ፈላሻ» ይባሉ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ከአሥር ዓመት በኋላም ውሳኔው ተደገመ። መደገሙ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ሰዎች በትእዛዙ መሠረት ቶሎ ባይለያዩ ነው እንጂ ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ጊዜ ማዘዝ ባላስፈለገ ነበር።

የዚያ ውሳኔ አሻራ ዛሬም ከእግራችን ሥር ነው። ከኮረብታው ዝቅ ብሎ በቀሐ ወንዝ በኩል ያለው አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ የቆየው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። ካይላ ሜዳ የሚለው ስምም እስካሁን ከአፋችን አልጠፋም። በየዓመቱ ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ ስንወርድ የቀሐ ውኃ የሚገባበትን ገንዳ እናያለን። የእነዚያን ግንቦች ድንጋይ ከጠረቡትና ከካቡት መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞች እንደነበሩ ሽማግሌዎችም የታሪክ ጸሐፊዎችም ይናገራሉ። ግንቡን የሚሠራው ሰው ግንቡ ከቆመ በኋላ ከከተማው ዳር እንዲኖር ተደረገ ማለት ነው።

ለምን ወደ እጅ ሥራ እንደገቡም ማወቅ ይገባናል። በአባቶቻችን ዘመን ሰው የሚከበረው በርስት ነበር። በባህሉ እንደሚነገረው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሃይማኖታቸውን ያልለወጡት ቤተ እስራኤሎች ርስት ተከለከሉ። ርስት የሌለው ሰው ወይ ጭሰኛ ይሆናል፣ ወይ በእጁ ሠርቶ ይበላል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ግንብ ገነቡ፣ ሸማ ሠሩ። ሴቶቹ አፈር አቡክተው እንስራ፣ ጀበና፣ ምጣድና ድስት ሠሩ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ባልቴቷ ያለ እንስራ ውኃ አትቀዳም። ስለዚህ በየገበያው ይፈለጉ ነበር።

ተፈልገው ግን አልተወደዱም። ብረት በእሳት የሚያቀልጥ፣ አፈር በእሳት የሚያጠነክር ሰው «ቡዳ» ተባለ። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል ተባለ። ልጅ ሲታመም፣ ላም ወተት ሲያቆም ጣት የሚቀሰረው ወደ እነሱ ነበር። በጎንደር ብቻ አልነበረም። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ የሚሉት ቃላት በብዙ የአገራችን ክፍል የሙያ ስም መሆናቸው ቀርቶ ስድብ ሆነው ኖረዋል።

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። መራራቁ ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ቤተ እስራኤሎችም የንጽሕና ሕጋቸው ጥብቅ ስለነበር ከሌላ ሰው ጋር ሲነካኩ ይታጠቡ፣ «አትንኩኝ» ይሉ ነበር። ሆኖም ሁለቱ እኩል አይደሉም። አንዱ ወገን ሕጉን ሲጠብቅ ርስቱም ሥልጣኑም በእጁ ነበር። ሌላው ሕጉን ሲጠብቅ በእጁ የነበረው መዶሻና ጭቃ ነው።

አዋጅ ምን ሠራ፣ ምን ሳይሠራ ቀረ

መንግሥታት ዝም አላሉም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጁ ሠርቶ የሚበላውን ሰው በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ለዘመናት መሬት ተከልክለው የኖሩ ሙስሊሞች፣ ቤተ እስራኤሎችና የእጅ ባለሙያዎች መሬት የሚያገኙበትን በር ከፈተ። ሁለቱም ትልልቅ እርምጃዎች ነበሩ።

ግን አዋጅ ማንን ለምሳ እንደምንጠራ፣ ልጃችንን ለማን እንደምንድር፣ በማን ቤት ቡና እንደምንጠጣ አያዝዝም። ይህ የሚወሰነው በዓይንና በልብ ነው። ወደ ዓይንና ወደ ልብ ከሚደርሱት መንገዶች አንዱ ደግሞ መድረክ ነው። ቢሆንም መድረክም ብቻውን አይበቃም። ይህን ከአዝማሪ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አዝማሪ፦ መድረክ ያገኘ፣ ገበታ ያላገኘ

ቲያትር የሚባለው ነገር ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት የጎንደር ተዋናይ አዝማሪ ነበር። በማሲንቆው ይዘፍናል፣ ይቀልዳል፣ የሰውን አኳኋን አስመስሎ ያስቃል፣ በሰምና ወርቅ መኳንንቱን ይወጋል። ታዳሚው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ያቀብለዋል፣ እሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ተመልካቹና ተጫዋቹ አብረው የሚሠሩት ጨዋታ ነበር። ሴት አዝማሪዎችም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ።

እንግዲህ አዝማሪ መድረክ አላነሰውም። በሠርግ፣ በግብር፣ በዘመቻ ሁሉ ይጠራል። ሌላው ሰው ቢናገረው የሚያስቀጣውን እሱ ዘፍኖት ይሸለማል። ሆኖም «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ ነበር። ሠርጉ ሲያልቅ ከእሱ ጋር የሚጋባ ቤተሰብ ከራሱ ወገን በቀር አይገኝም ነበር። ሰው ይስቅለታል፣ ያጨበጭብለታል፣ በግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል፣ ልጁን ግን አይድርለትም።

የአዝማሪን ዋጋ ከእኛ ይልቅ ጠላት ያወቀው ይመስለኛል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች ሕዝቡን በሚጨፈጭፉበት ጊዜ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና ዘዋሪ ዘፋኞችን እየያዙ እንዲገድሉ ታዘዋል። ግራዚያኒ ራሱ ይህን ለሮም በቴሌግራም አሳውቋል። ጠመንጃ ያልያዘ፣ ማሲንቆ ብቻ የያዘ ሰው የተገደለው ቃሉ ከአገር አገር ስለሚደርስ ነው። እኛ «አዝማሪ ነው» ብለን የናቅነውን ሰው ፋሺስቱ አርበኛን ሊፈራ በሚገባው መጠን ፈራው።

ከአዝማሪ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ጭብጨባ መቀበል አይደለም። ጭብጨባ ጨዋታው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ሴቶች ወደ መድረክ ሲወጡ

ዘመናዊ ቲያትር ወደ አገራችን የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። በአውሬዎች አስመስሎ ሹማምንቱን የሚተች ስለነበር ቲያትር ታገደ። ከዚያ በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ በየትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ተውኔት እየጻፉ ሙያውን አቆዩት።

በእነዚያ ተውኔቶች ውስጥ እናት ነበረች፣ ሚስት ነበረች፣ ሙሽራ ነበረች። ሴት ግን አልነበረችም። የሴቷን ቦታ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነበር። ሰው ሁሉ ይህን እንደ ነውር አላየውም። ነውር የሆነው ሴቷ ራሷ መውጣቷ ነበር። ወንድ ልጅ እንደ ሴት ሲያለቅስ ታዳሚው ምን ያህል ስለ ሴት ልጅ ኑሮ ይማራል? የተማረው ወንዱ ስለ ሴት የሚያስበውን ነው።

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ ከጣሊያን መባረር በኋላም ሥራውን ቀጠለ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ቤት በቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። በእነዚህ ዓመታት ሴቶች ወደ መድረክ ወጡ። ሲወጡ የጠበቃቸው ያ የድሮው ስድብ ነው፦ «አዝማሪ»። ልጃቸው ተዋናይ ሆነች ሲባል እንደ ሞተች የቆጠሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ቀን ቀን የሚሰድባቸው ሰው ማታ ማታ ቲኬት ቆርጦ ይመጣ ነበር።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናቸው። ክራር ይመቱ ነበር፣ ይዘፍኑ ነበር፣ በዚያው ቲያትር ቤት ለብዙ ዓመታት ተዋናይ ነበሩ። በወጣትነታቸው የሰደባቸው አገር በስተርጅናቸው አከበራቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሙዚቃቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 16ኛ ቅጽ ሆኖ ለዓለም ቀረበ። በ2011 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላም ስለ ሕይወታቸው «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ለእይታ ቀረበ።

ታዲያ በአዝማሪዋና በተዋናይዋ መካከል ልዩነቱ ምን ሆነ? ሁለቱም መድረክ ነበራቸው። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ አንድ ነገር ይታየኛል። አዝማሪዋ የምትኖረው በሽልማት ነው። ሽልማት ሰጪው ደስ ሲለው የሚሰጠው፣ ደስ ሳይለው የሚተወው ነው። ተዋናይዋ ግን የመንግሥት ቲያትር ቤት ተቀጥራ በደመወዝ መዝገብ ላይ ከነአባቷ ስም ሰፈረች። ወር ሲሞላ ፈርማ ትቀበላለች፣ ዓመት ሲሞላ ፈቃድ ትወጣለች፣ ስታረጅ ጡረታ ትጠይቃለች። በመዝገብ ላይ ያለች ሴት ልመና ላይ አይደለችም። በኋላም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲከፈት ያ ሙያ ዲግሪ የሚያዝበት ሆነ። ድሮ ልጄ ተዋረደችብኝ ይል የነበረው አባት ለምርቃቷ በግ ያርድ ጀመር።

ስለዚህ ሁለተኛው ትምህርት፦ ሴቶች የተከበሩት ስለ እነሱ ስለተጫወተ አይደለም። ራሳቸው ስለቆሙና ለሥራቸው እንደ ሥራ ስለተከፈላቸው ነው።

ከጎንደር የሄዱት ጎረቤቶቻችን

አሁን ወደ ቤተ እስራኤሎች ልመለስ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ብዙ ሺህ የሚሆኑት በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ብዙዎች በመንገድና በመጠለያ አለቁ፣ የቀሩት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ከከተማችን በስተሰሜን ያለችው ወለቃ ያን ጊዜ ባዶዋን ቀረች ማለት ይቻላል። ዛሬ ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፣ ሙያው አልጠፋም፤ አሮጌው ምኩራብም አለ። አብዛኞቹ የቀድሞ ባለቤቶች ግን የሉም።

እዚያስ ሄደው ተቀበሏቸው? እዚህ «አይሁድ ናችሁ» ተብለው ተገለሉ። እዚያ ደግሞ የአይሁድነታቸው ነገር አጠራጠረና የሃይማኖት መሪዎቹ የመንጻት ሥርዓት ካልፈጸማችሁ አሏቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሃይማኖት መሪዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ብዙዎች ገና እንደደረሱ እናታቸው ያወጣችላቸው ስም በዕብራይስጥ ስም ተቀየረ። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ የለገሱት ደም በሥውር እየተደፋ መቆየቱ ሲታወቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አደባባይ ወጡ። ደሙን ከሰጡት መካከል ወታደሮች ነበሩበት።

ከእነዚህ ስደተኞች አንዱ ዮሲ ቫሳ ይባላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ተወልዶ ገና በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ ሱዳን ገባ። ከዚያ እስራኤል ደርሶ አድጎ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ተማረ። ከዚያም ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የራሱን ታሪክ ያወራ ጀመር። የጨዋታው ርዕስ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «በአማርኛ ሲሆን ይጣፍጣል» እንደማለት ነው። ልብ በሉ፣ ጨዋታው በዕብራይስጥ ነው፣ ርዕሱ ግን አማርኛን ያሞግሳል። ስለ ገጠሩ፣ ስለ ጉዞው፣ በአዲሱ አገር ስለገጠመው ግራ መጋባት እያሳቀ ይናገራል። በኋላም ከሥራ ባልደረባው ጋር ስለዚያው ጉዞ በልጅ ዓይን የተጻፈ ሌላ ተውኔት ሠርቶ እስከ ኒው ዮርክ ድረስ ታይቶለታል። ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ «ሁለገብ» በሚል የአማርኛ ስም የሚጠራ የቤተ እስራኤሎች ቲያትርና ዓመታዊ የጥበብ ዝግጅት አለ።

ታዳሚው ስለ ኢትዮጵያውያን ብዙ በጋዜጣ አንብቧል። ባነበበው ውስጥ የሚታዘንላቸው ሰዎች ነበሩ። መድረኩ ላይ ያየው ግን የሚያስቅ፣ የሚያሾፍ፣ በተመልካቹም ላይ የሚቀልድ ሰው ነው። የታዘነለት ሰው ወደ ታች ይታያል። ያሳቀን ሰው ግን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው። ይህ በእስራኤል ያለውን አድልዎ ሁሉ አላጠፋም። ነገር ግን ስለ እነሱ ሲወራ የነበረውን ወሬ ራሳቸው እንዲያወሩት አደረገ።

ከዚህ ላይ ለእኛ ለጎንደሮች አንድ የሚከነክን ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች ወደ 300 ዓመት ገደማ በካይላ ሜዳና በወለቃ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ታሪካቸውን እኛ ፊት ቆመው ሳይነግሩን ሄዱ። በአማርኛ የሚጣፍጠውን ጨዋታ በአማርኛ መስማት የነበረብን እኛ ነበርን።

ወደ ድራማችን ስመለስ

እንግዲህ የሸክላ ሠሪዋን ቦታ ማን ይጫወት ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ከመካከላችን አንዷ ጭቃ ተቀብታ፣ የተቀደደ ነጠላ ለብሳ ብትጫወተው ቀሚስ እንደለበሱት የድሮ ወንዶች ልጆች መሆኗ ነው። ታዳሚው ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል፣ ስለ ሸክላ ሠሪዋ የሚማረው ግን እኛ ስለ እሷ የምናስበውን ነው።

«በሰው ፊት ካወጣናት ይበልጥ ትሸማቀቃለች፣ ስሟም ይነሣል» የሚል ስጋት ሰምቻለሁ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ማንም አትገደድ። ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት ሄደን እንጠይቃቸው። ምን ቢባል ደስ ይላቸዋል? ምን ባይባል ይሻላል? እንጫወት ካሉ ይጫወቱ። አንጫወትም ካሉ ድራማችንን በራሳችን ላይ እናድርገው። የተገለለችውን ሴት ሳይሆን የምታገለዋን ሴት እንጫወት፤ እሷን በደንብ እናውቃታለን።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። ሸክላ ሠሪዋ ሁልጊዜ ሸክላ ሠሪ ሆና ብቻ ለምን ትወጣለች? ቁስቋም ላይ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ እዚሁ አጠገባችን አለ። በሌላ ጊዜ ስለ እቴጌይቱ ብንሠራ ምንትዋብን እሷ ትጫወት። ሰው ተቀበልናት የሚባለው የደረሰባትን በደል እንድትናገር ስንፈቅድላት ብቻ አይደለም፣ ሌላም ነገር መሆን እንደምትችል ስናምን ነው።

በሒሳብ በኩል ያለውን እኔ እይዘዋለሁ። ለሚጫወቱ ሴቶች የቀን አበል በጀት ውስጥ ይግባና እንደማንኛውም ሥራ ስማቸው በመክፈያ ሰነድ ላይ ሰፍሮ ፈርመው ይቀበሉ። መድረክ ላይ የሚቀርበው ጀበናና እንስራም በትውስት ሳይሆን በዋጋው ይገዛ። እነዚህ ሴቶች በማኅበራችን ቁጠባ ለመግባት ከጠየቁም መዋጮውና የብድር ደንቡ ለሁላችን አንድ ነው፣ ለእነሱ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም።

በመጨረሻ ስለ ምሳው። እንደምታውቁት በጉባኤያችን ቀን ከፕሮግራሙ በኋላ አብረን እንበላለን። ባለፈው ዝግጅት የመጡ እንግዶች በአንድ ጥግ ለብቻቸው መቀመጣቸውን አንዳንድ አባላት ታዝበዋል። ስለዚህ የመስተንግዶ ኮሚቴው ዘንድሮ የእንግዳ ጥግ ባያዘጋጅ እላለሁ። በየትሪው ዙሪያ አምስት አምስት ሆነን፣ ተቀላቅለን እንቀመጥ። አዝማሪ ለዘመናት ጭብጨባ አግኝቶ ገበታ አጥቷል። የእኛ ድራማ የተሳካ መሆኑ የሚታወቀው በጭብጨባው አይደለም። ከጭብጨባው በኋላ እጃችንን ታጥበን በምንቀመጥበት ትሪ ላይ ነው።